አምስት ዝናብ የቀረበት ቦረና፦ ለአንድ ወቅት የተሠራ መላ በሦስት ዓመት ድርቅ ሲፈተን

የቦረና ሕዝብ ከድርቅ ጋር ትናንት አልተዋወቀም። ከያቤሎ በታች እስከ ሞያሌ በተዘረጋው ቆላ የሚኖረው ከብት አርቢ፣ ድርቅ እንደሚመጣ አውቆ፣ ውኃውን በተራ፣ ግጦሹን በወቅት ከፍሎ፣ ለከሰረም ሕግ ደንግጎ የኖረ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 ማብቂያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉና የዞኑ አስተዳደር ከ3 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ማለቃቸውን ሲያስታውቅ፣ «ለምን አልተዘጋጁም?» ብሎ መጠየቅ ስንፍና ነው። ተዘጋጅተው ነበር። መመርመር ያለበት ዝግጅቱ የት ላይ እንደተበጠሰ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምደርስበትን ከወዲሁ ልናገር። በቦረና ያለው መላ ሁሉ፣ ከአያት የተወረሰውም ሆነ በሳተላይት የመጣው፣ አንድ ዝናብ ቢቀር፣ ግፋ ቢል ሁለት ቢቀር፣ ሰውንና ከብትን ወደሚቀጥለው ዝናብ ለማሻገር የተዘረጋ ድልድይ ነው። ወንዙ ሲሰፋ ድልድዩ አጠረ። ይህን አለማየት ደግሞ ውድ ዋጋ ያስከፍላል፤ ምክንያቱም ከድርቁ በኋላ የሚቀርበው እርዳታ በአብዛኛው ያንኑ አጭር ድልድይ መልሶ የሚሠራ ነው።

ሁለት ዝናብ፣ ሁለት መንጋ

በቦረና ዓመቱ የሚቆመው በሁለት ዝናብ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው «ገና» ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይይዛል። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር የሚጥለው «ሀገያ» አጠር ይላል። ከሀገያ በኋላ ያለው በጋ ሞቃትና ከባድ ነው፤ ሀገያ ከቀረ በጋው እንደተራዘመ ይቆጠራል።

ከብቱም በሁለት ይከፈላል። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆቻቸው «ዋራ» ተብለው ከመንደሩ አቅራቢያ ይውላሉ። ወይፈኖች፣ በሬዎችና ወተት የሌላቸው ላሞች «ፎራ» ተብለው ከወጣት እረኞች ጋር ርቀው ይሄዳሉ። ፎራው ሲርቅ በመንደሩ ዙሪያ ያለው ሣር ለሕፃናቱ ወተት ለምትሰጠው ላም ይተርፋል። ለጥጃና ለደከመ ከብት ደግሞ «ከሎ» የሚባል የታጠረ ሣር ይቆያል።

ከሁሉ በላይ ግን ኤላዎቹ አሉ። የቱላ ኤላዎች በእጅ የተቆፈሩ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ናቸው። ከብቱ በተቆፈረ ቁልቁለት ወርዶ ከመሬት በታች ባለው ገንዳ ይጠጣል፤ ወንዶች ከገንዳው በታች አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው በዜማ ባልዲ እየተቀባበሉ ውኃውን ያወጣሉ። ጎብኚ የሚያነሣው ፎቶግራፍ ይህ ነው። የሥርዓቱ ልብ ያለው ግን በተራው ላይ ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ሰው ዘር የሆነው የኮንፊው (የጉድጓዱ) ባለቤት ቀዳሚ መብት አለው፤ ቀጥሎ ጎሳው፣ ከዚያም ሌላው ይመጣል። የየዕለቱን ተራ የሚያስከብረው «አባ ሄሬጋ» ነው። በሥርዓቱ መሠረት የኤላ ውኃ ለገበያ የሚቀርብ ሸቀጥ አይደለም፤ ለሥራው ያልወጣ ግን ተራውን ሊያጣ ይችላል።

ይህ ውኃን ለማዳረስ ብቻ የተበጀ ይመስላል። በእርግጥ ሣርንም የሚጠብቅ ነው። በበጋ ከብት ውኃ ካለበት ርቆ መሰማራት ስለማይችል፣ በአንድ ኤላ ስንት ከብት እንደሚጠጣ የወሰነ ሰው በዙሪያው ያለውን ግጦሽ ስንት ከብት እንደሚበላውም ወስኗል። የመስክ ጥበቃ የሚባል መሥሪያ ቤት ሳይኖር ሥራው ይሠራ ነበር።

ከብቱ ያለቀበት ሰው ደግሞ ወደ ጎሳው ይሄዳል። «ቡሳ ጎኖፋ» በሚባለው ሥርዓት ጎሳው ተሰብስቦ የከሰረውን ሰው ጉዳይ ይሰማል፣ ኪሳራው በስንፍና አለመሆኑን ያረጋግጣል፣ ከዚያም ከብት ካላቸው አባላት ላም ይመድብለታል። ዛሬ የሚሰጠው ሰው በሌላ ዓመት ተቀባይ ሊሆን ይችላል። ይህ ስያሜው ሌላ ይሁን እንጂ መድን ነው። በውስጡ የተቀበረች አንዲት ግምት ግን አለች፤ ኪሳራው አንዱን መትቶ ሌላውን ይተዋል የምትል። ይህችን ግምት በኋላ እንመለስባታለን።

ሁሉንም የሚያስረው ሕግ በየስምንት ዓመቱ አባ ገዳ በሚለወጥበት የገዳ ሥርዓትና በየስምንት ዓመቱ በሚሰበሰበው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ይታደሳል። ዩኔስኮ ገዳን በ2016 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ሥርዓቱን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ሥርዓቱ የሚሠራበትን መሬት መጠበቅ ሌላ።

ድርቁ ሳይመጣ የተበላሸው

የመሬቱ ነገር ከ2020 በፊት ብዙ ርቆ ሄዶ ነበር። የቦረና እረኞች ከዝናብ በፊት መስኩን ያቃጥሉ ነበር፤ እሳቱ መዥገሩን ይገድላል፣ ቁጥቋጦውን ይቆጣጠራል፣ ለአዲስ ሣር ቦታ ይለቅቃል። በ1970ዎቹ መንግሥት ማቃጠልን ከለከለ። ክልከላው የመጣው ተፈጥሮን ለመጠበቅ በሚል ነበር። እሳቱ ሲቀር እሾሃማው ግራርና ሌላው ቁጥቋጦ ክፍት የነበረውን መስክ ወረሰው። ከብት ደግሞ ሣር እንጂ እሾህ አይበላም።

በዚያው ዘመን በመንግሥት የግጦሽ ልማት ፕሮግራም ትላልቅ ኩሬዎች ተቆፈሩ። ውኃ ለጠማው ውኃ መስጠት ክፉ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ኩሬዎቹ ብዙዎቹ ያረፉት ቀድሞ ውኃ ስለሌለው በዝናብ ወቅት ብቻ ይጋጥ በነበረ መስክ ላይ ነው። ውኃው ሲመጣ ሰው ሰፈረ፣ ከብቱም ዓመቱን ሙሉ እዚያው ዋለ። ያረፈ ሣር ማግኘት እየቀረ ሄደ። በላዩ ላይ በቆሎና ቦሎቄ የሚዘራበት እርሻ እርጥበት ያለውን ሸለቆ ያዘ፤ ያ ሸለቆ የበጋ ግጦሽ ነበር። የአስተዳደር ወሰኖችም የድሮውን የመንጋ መንገድ ቆራረጡ። በአንዱ ወገን ያለ ኤላና በሌላው ወገን ያለ ሣር ሲለያዩ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ።

ውጤቱ በከብት ቁጥር ላይ ታየ። ከ1980 ጀምሮ የቦረናን መንጋ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1985፣ ከ1991 እስከ 1993፣ እንደገናም በ1998 እና 1999 መንጋው በጅምላ ሲወድቅ መዝግበዋል፤ በክፉው ጊዜ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ከብት አልቋል። ከጥናቱ የማልረሳው ነጥብ የሞቱ ብዛት አይደለም። መንጋው ተባዝቶ መስኩን ሲሞላ መጠነኛ የዝናብ እጥረት እንኳ ይጥለዋል የሚለው ነው። ማለትም አየር ንብረቱ እየከፋ ሲመጣ ያገኘው መሬት አስቀድሞ የጠበበ መሬት ነበር። ስለ ተጋላጭነት ስንናገር ሰማይን ብቻ የምናይ ከሆነ ግማሹን ታሪክ ትተነዋል።

ሳይከሳ የተሸጠ ከብት

በ2006 በሞያሌ አካባቢ የሆነው ነገር ለእኔ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ካሉት ትምህርቶች ሁሉ ትልቁ ነው፣ በብዛት ሲነገር ግን አልሰማም። ድርቅ ሲበረታ እረኛው ከብቱን መሸጥ ይፈልጋል፣ ገዢ ግን ወደ ሩቅ ቆላ አይመጣም። በአንድ የእርዳታ ድርጅትና በግብርና ሚኒስቴር አማካይነት ነጋዴዎች ከአርቢዎቹ ጋር እንዲገናኙ ተደረገ፤ ለሁለት ነጋዴዎችም ለእያንዳንዳቸው 25,000 ዶላር በብድር ተሰጠ። ነጋዴዎቹ የራሳቸውን ገንዘብ ጨምረው ወደ 20,000 ከብት ገዙ። ወደ አርቢዎቹ እጅ የገባው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በኋላ የተሠራው ግምገማ ለሥራው በወጣው በእያንዳንዱ ዶላር ከ40 ዶላር በላይ ጥቅም መገኘቱን አሰላ።

ቤተሰቦቹ ገንዘቡን ምን አደረጉበት? እህል ገዙ፤ የቀረውን መንጋ ለማትረፍ መኖ ገዙ፤ አንዳንዶቹም ሣር ወዳለበት ቦታ ከብቶቻቸውን በመኪና አጓጓዙ። በተሸጠው ከብት ያልተሸጠው ዳነ። ልምዱ በ2008 በወጣው በአርብቶ አደር አካባቢ የእንስሳት አስቸኳይ እርዳታ ብሔራዊ መመሪያ ውስጥ ገብቷል።

የሠራበት ምክንያት ግን በጣም ጠባብ ነው። ከብቱ ገና ሥጋ አለው፣ ነጋዴውም ሥጋ የሚልክበት ገበያ አለው። ሁለቱ የሚገናኙበት ጊዜ የሳምንታት ጉዳይ ነው። ከዚያ ካለፈ ነጋዴው የሚገዛው ቆዳና አጥንት ይሆናል፣ መግዛቱንም ያቆማል።

ቀጥሎ የመጣው መድን ነው። በሰሜን ኬንያ ማርሳቢት በ2010 ተጀምሮ በ2012 በኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል ወደ ቦረና ተሻገረ። አሠራሩ የሚማርክ ነው። ከሞተው ከብት ቆዳ ቆጥሮ የሚከፍል ገምጋሚ የለም። ሳተላይት የአካባቢውን ልምላሜ ይለካል፤ ልምላሜው ከቀድሞ ዓመታት ጋር ተነጻጽሮ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ በአካባቢው ውል ለገባ ሁሉ ይከፈላል። የአንዱ ሰው ስንፍና ወይም ማጭበርበር አይገባበትም። የሚሸጠውም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከሁለቱ ዝናቦች በፊት ነው። ውጥኑ ሲጀመር ለሞተ ከብት ማካካሻ ተብሎ ነበር፤ በኋላ ግን ከብቱ ሳይሞት መኖና ውኃ መግዣ እንዲሆን ክፍያውን ማስቀደም መጣ። ይህ ለውጥ ትንሽ ይመስላል። ለእኔ ግን ከሳተላይቱ የሚበልጥ ፈጠራ ነው።

ችግሮቹም ከአሠራሩ ውስጥ የሚበቅሉ ናቸው። ሳተላይቱ አረንጓዴ ቀለም እንጂ ሣር አያይም። እሳት በመከልከሉ የተስፋፋው ቁጥቋጦ ከላይ ሲታይ ለምለም ነው፤ ላሟ ግን ከሥሩ ቆማ ትራባለች። እንግዲህ በ1970ዎቹ የተወሰነ ውሳኔ በ2010ዎቹ የመድን ቀመር ውስጥ ገብቶ ይቆጠራል ማለት ነው። ሌላው ደግሞ መድኑ የሚገዛው በቅድሚያ በሚከፈል ገንዘብ መሆኑ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከከብት ሽያጭ ነው፤ ሁለት ዝናብ ቀርቶበት ከብቱ የከሳ ሰው ለሦስተኛው ወቅት ምን ሸጦ ይግዛ?

ስለ ግመሉ ባጭሩ። ቦረና የላም ሕዝብ ነው፤ ቢሆንም ባለፉት አሥርት ዓመታት ግመልና ፍየል ማርባት እየሰፋ መጥቷል። ሁለቱም ቅጠል ስለሚበሉ ቁጥቋጦው ለእነሱ ጠላት አይደለም፤ ግመል ያለ ውኃ ብዙ ቀን ትቆያለች፣ ላሟ ስትነጥፍም ወተት ትሰጣለች። ከመላዎቹ ሁሉ ለአዲሱ አየር ንብረት የሚስማማው ይህ ይመስለኛል። ግን ግመል ውድ ናት፣ ከአንድ ዓመት በላይ ታረግዛለች፣ በሁለት ዓመት አንዴ ብትወልድ ነው። ስለዚህ ግመል የገዛው ቀድሞም ያለው ሰው ነው። ድሃው ፍየል አገኘ።

አንድ በአንድ ያለቀው መላ

በ2020 ላኒኛ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ተነሣ። ላኒኛ በምሥራቅ አፍሪካ የመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዝናብን እንደሚያደክም የታወቀ ስለሆነ የአየር ትንበያ ማዕከላት አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበር። የዚያ ዓመት ሀገያ ደከመ። በቦረና ሕግ መሠረት የሚደረገው ተደረገ፤ ፎራው ራቀ፣ ከሎው ተከፈተ፣ የኤላው ተራ ጠበቀ።

የ2021 ገናም ሳይሞላ አለፈ። ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም በሁለተኛው የከሸፈ ዝናብ ላሞች መፀነስ ያቆማሉ። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፣ የሚታየው ከዓመት በኋላ ጥጃና ወተት ሲጠፋ ነው። ሽያጩ መደረግ የነበረበት በዚህ ጊዜ ነበር። ነገር ግን ለአርቢው ላሟ ሀብትም፣ ዘርም፣ የነገ ወተትም ናት፤ «የሚቀጥለው ዝናብ ይመጣል» ብሎ ቢጠብቅ ሞኝነት አልነበረም። ዕድሜውን ሁሉ ያየው አብዛኛውን ጊዜ ሲመጣ ነው።

አልመጣም። የ2021 ሀገያ ሲቀር ከብት በብዛት መሞት ጀመረ። ገበያው ላይ የወጣው የከሳ ከብት ዋጋ ሲወድቅ የእህሉ ዋጋ ወጣ። በ2022 መጀመሪያ ደግሞ በዩክሬን ጦርነት የስንዴና የዘይት ዋጋ በዓለም ገበያ ሲያሻቅብ፣ የሀገሪቱም ዓይን በሰሜኑ ጦርነት ላይ ሳለ፣ የቦረና አርቢ አንድ ኩንታል በቆሎ ለመግዛት ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ከብት መንዳት ነበረበት።

ከዚያ የ2022 ገና መጣ። በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ከ70 ዓመት ወዲህ ከተመዘገቡት ሁሉ ደረቁ እሱ ነበር። እዚህ ላይ ቡሳ ጎኖፋ ቆመ። ሰው ስለጨከነ አይደለም፣ ሥርዓቱ ስለተረሳም አይደለም። ከላይ ያነሣናት ግምት ፈረሰች፤ ኪሳራው ሁሉንም ስለመታ ሰጪ ጠፋ። ከብት ይሰጥ የነበረው ሰው ራሱ በዱብሉቅና በሌሎች ቦታዎች በተቋቋሙ የተፈናቃዮች መጠለያዎች ለእህል ተሰለፈ። አምስተኛው፣ የ2022 ሀገያ ሲቀር የሚሞት ከብት ብዙም አልነበረም።

በሚያዝያ 2023 የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን ያወጣው ትንተና ይህን ድርቅ የአየር ንብረት ለውጥ ቢያንስ 100 እጥፍ የመከሰት ዕድሉን እንደጨመረው ገለጸ። ምክንያቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የዝናቡ ማነስ የታሪኩ አንድ ወገን ነው፤ ሌላው ሙቀቱ ነው። የሞቀ አየር ከአፈርና ከቅጠል የበለጠ እርጥበት ይመጥጣል፤ ዛሬ ካለው በ1.2 ዲግሪ በቀዘቀዘ ዓለም ያው የዝናብ መጠን እንዲህ ያለ ድርቅ ባላስከተለ ነበር ይላል ትንተናው። በተጨማሪም ለዓመታት ሳይንቲስቶችን ያስቸገረ እንቆቅልሽ አለ፤ የኮምፒውተር ሞዴሎች ምሥራቅ አፍሪካ ወደፊት ዝናቧ ይጨምራል ይላሉ፣ የገና ዝናብ ግን ከ1980ዎቹ ወዲህ ሲቀንስ ታይቷል። ስለዚህ ለቦረና «ለድርቅ ተዘጋጅ» ማለት በቂ አይደለም። ጎርፍም አለበት። በ2023 መጋቢት ዝናቡ ሲመጣ ጎርፍ ሆኖ መጣ፤ አጥንታቸው የቀረ ከብቶችም የቀዝቃዛውን ዝናብ መቋቋም ያቅታቸዋል።

ከብት ማከፋፈል ለምን አይበቃም

ከድርቁ በኋላ የሚቀርበው የመጀመሪያ ሐሳብ ከብት ላለቀበት ቤተሰብ ከብት መስጠት ነው። ልብ የሚነካ ነው፣ ፎቶግራፉም ያምራል። ስሌቱን ግን እንሥራው። በቦረና ሁኔታ አንዲት ጊደር መጀመሪያ የምትወልደው በአራት ዓመቷ ገደማ ነው፤ ከዚያም በዓመት ተኩል አንዴ ትወልዳለች እንበል። ሁለት ላም የተሰጠው ቤተሰብ አንድም ሳይሞትበት፣ አንድም ሳይሸጥ፣ በስድስት ዓመት አራት ያህል ሴት ጥጆች ያገኛል። ከእነሱም የወለዱት ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጡም። ቤተሰቡ ግን በእነዚህ ስድስት ዓመታት መብላት፣ ልጅ ማስተማርና መታከም አለበት፤ ስለዚህ ይሸጣል። ትላልቆቹ የከብት እልቂቶች የተመላለሱት ደግሞ በሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት ነበር፤ ከ2011ና ከ2017 ድርቆች በኋላ ይህ ልዩነት እያጠረ መሄዱን ማንም አርቢ ይናገራል።

ስለዚህ ገንዘቡ የት ይግባ ብባል፣ በመጀመሪያ ሁለተኛው ዝናብ ሊከሽፍ ነው በተባለ ጊዜ ከብት በሚገዛ ፈንድ ውስጥ እላለሁ። ሦስተኛው ወቅት ከመጣ በኋላ የሚለቀቅ ገንዘብ ለምግብ እርዳታ እንጂ ለመላመድ አይሆንም። ይህ ፈንድ ውሳኔውን በትንበያ ላይ ማድረግ አለበት፤ ትንበያው አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ያኔም የጠፋው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ አርቢው ከብቱን ሸጦ ብር ይዟል፣ ነጋዴውም ሥጋ አግኝቷል። መድኑም ለተከታታይ ወቅቶች የሚቆይ ውል ከሌለውና የድሃው አረቦን በመንግሥት ካልተደገፈ፣ ከሁለት ዝናብ በኋላ ደንበኛ አልባ ይሆናል።

ሁለተኛው መሬቱ ነው። የቦረና የድሮ የግጦሽ አስተዳደር ክፍል የሆነው «ዴዳ» በቅርብ ዓመታት እንደገና የዕቅድ መነሻ እየሆነ መጥቷል፤ ቀበሌ በቀበሌ ሳይሆን የበጋውንና የዝናቡን ወቅት መስክ አንድ ላይ አይቶ ማቀድ ማለት ነው። ይህ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። ግን ዴዳው የሚያርስበትን ሰው የመከልከል፣ ያለ ቦታው የሚቆፈር ኩሬን የማስቆምና ቁጥቋጦውን በእሳት የመቆጣጠር ሥልጣን ካላገኘ ካርታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የእሳቱን ጉዳይ በተለይ አነሣለሁ። ሣር ሳይበቅል እሳት አይነድም፤ ስለዚህ መስኩን ለአንድ ወቅት ማሳረፍ፣ ቁጥቋጦውን መቁረጥ፣ ከዚያ በሽማግሌዎች ትእዛዝ ማቃጠል በቅደም ተከተል የሚሠራ የዓመታት ሥራ ነው። የሁለት ዓመት የፕሮጀክት በጀት ሲያልቅ ቁጥቋጦው ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው መናገር አይወድም፦ ከመጠለያ የተመለሱ ቤተሰቦች ሁሉ እንደገና ከብት አርቢ አይሆኑም። አንዳንዱ በያቤሎ የቀን ሥራ፣ ሌላው በሞያሌ ንግድ፣ ሌላው ከሰል በማክሰል ተሰማርቷል። ከሰሉ ግመሏና ፍየሏ የሚበሉትን ዛፍ የሚጨርስ ስለሆነ ከሁሉ የከፋው መውጫ ነው፣ ካፒታል የማይጠይቀው ግን እሱ ብቻ ነው። ለእነዚህ ቤተሰቦች ላም መስጠት ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚጠቅማቸው የመነሻ ገንዘብ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና በከተማ የመኖሪያ መታወቂያ ነው። በከተማ የቆመ ልጅ በክፉ ቀን ወደ መንደሩ ብር ይልካል፤ ያ ብር ደግሞ በዝናብ ላይ አይወሰንም።